ኮዱ ነፃ ነው፤ ፈቃዱስ ከማን ጋር ይስማማል?

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 መገባደጃ ላይ በሩቢ ቋንቋ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን አዲስ ሰርቨር ላይ ለመጫን ሲሞክሩ ጭነቱ መሀል ላይ ተቋረጠባቸው። ትናንት ያለ እንከን ይወርድ የነበረው «ማይምማጂክ» የተባለ ትንሽ ላይብረሪ ከቋንቋው የፓኬጅ ማከማቻ ተነስቷል። ሰርጎ ገብ አላጠፋውም፤ ኮዱ ላይም የደኅንነት ቀዳዳ አልተገኘም። ያስነሳው የፈቃድ ጉዳይ ነበር።

ማይምማጂክ አንድ ፋይል ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ወይም ቪዲዮ መሆኑን ይለያል። ለዚህ የሚጠቀምበትን የፋይል ዓይነቶች ዝርዝር አዘጋጁ ራሱ አልጻፈውም፤ ፍሪዴስክቶፕ ከተባለው ፕሮጀክት ወስዶ በጥቅሉ ውስጥ አካትቶት ነበር። ዝርዝሩ የተለቀቀው በጂፒኤል ፈቃድ ነው። ማይምማጂክ ግን በኤምአይቲ ፈቃድ ይሰራጭ ነበር። ከዝርዝሩ ፕሮጀክት በኩል አቤቱታ ሲቀርብ የላይብረሪው አዘጋጅ የቀድሞዎቹን ሥሪቶች ከማከማቻው አነሳ፤ አዲሶቹንም በጂፒኤል ለቀቀ። ከሕግ አንፃር ሲታይ እርምጃው ቅንነት ነበረው፤ መዘዙ ግን ማንም ከገመተው በላይ ሰፋ። የሩቢ ዋነኛው የድረ ገጽ መሥሪያ ሬይልስ ማርሴል የተባለ ላይብረሪ ይጠቀማል፤ ማርሴል ደግሞ ማይምማጂክን ይጠራል። በጊትሃብ ላይ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የኮድ ማከማቻዎች በዚህ ሰንሰለት የተያያዙ ነበሩ። ሬይልስ ራሱ በኤምአይቲ የሚሰራጭ በመሆኑ በጂፒኤል የተለቀቀ ላይብረሪ ይዞ መቀጠል አልቻለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከማይምማጂክ የተላቀቁ ሥሪቶች ወጡ። ማርሴልም የፋይል ዓይነቶችን መረጃ ከአፓቺ ቲካ ፕሮጀክት፣ በአፓቺ ፈቃድ፣ ወሰደ።

ይህ ሁሉ የተፈጠረው በአንድ የመረጃ ፋይል ሳቢያ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራመሮች ማይምማጂክ የሚባል ነገር በሥራቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ ከዚያ ቀን በፊት አያውቁም ነበር። ክፍት ምንጭ ኮድ እየተቀላቀለ የሚገነባ ሶፍትዌር ሁሉ እንዲህ ላለው ድንገተኛ ነገር የተጋለጠ ነው፤ መንስኤው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ምስጢራዊ አይደለም። ፈቃዶች በምን ሕግ እንደሚስማሙና እንደሚጋጩ፣ የሚሠራበት ቋንቋም በዚህ ላይ ምን ድርሻ እንዳለው ማወቅ ይቻላል።

ግዴታዎቹ እንዴት ይሰለፋሉ?

ማንኛውም ኮድ በተጻፈበት ቅጽበት የቅጂ መብት ጥበቃ ያገኛል። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በጊትሃብ ላይ ለሁሉ ቢታይም ማንም ወስዶ በምርቱ ውስጥ እንዲያሰራጨው አልተፈቀደም። ፈቃድ ማለት እንግዲህ ባለመብቱ «በነዚህ ሁኔታዎች ተጠቀሙበት» ብሎ የሚሰጠው ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በሁኔታዎቹ ላይ ነው።

ኤምአይቲና ቢኤስዲ የሚጠይቁት ጥቂት ነው፤ የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር አብሮ እንዲሄድ። አፓቺ 2.0 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ሲወጣ በዚያ ላይ የፓተንት አንቀጽ ጨመረ፤ አበርካቾች የፓተንት መብታቸውን ለተጠቃሚው ይሰጣሉ፣ በኮዱ ላይ የፓተንት ክስ የሚመሠርት ግን ይህን መብት ያጣል። የሞዚላው ኤምፒኤል 2.0 ግዴታውን በፋይል ይወስነዋል፤ የተነካካው ፋይል ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ አጠገቡ ያለው የራስ ፋይል ግን ነፃ ነው። ኤልጂፒኤል ለላይብረሪዎች የታሰበ ሲሆን ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ ሥሪት መተካት እንዲችል ያስገድዳል። ጂፒኤል ከሁሉም ይጠብቃል፤ ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ የሚሰራጨው ፕሮግራም በሙሉ በጂፒኤል ሥር ሆኖ ከምንጭ ኮዱ ጋር መሰጠት አለበት።

ሁለት ፈቃዶች ይስማማሉ የሚባለው የሁለቱንም ግዴታ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በአንድ ጊዜ መወጣት ሲቻል ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጂፒኤል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ መጣል አይቻልም የሚለው። ስለዚህ ሌላው ፈቃድ ጂፒኤል ውስጥ የሌለ አንዲት ትንሽ ግዴታ እንኳ ካከለ፣ ግዴታዋ ምንም ያህል በጎ ብትሆን፣ ሁለቱ በአብዛኛው አይጣጣሙም።

ፓይተን ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፓይተን 1.6 ፈቃድ አለመግባባት ቢነሳ የሚዳኘው በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ ነው የሚል አንቀጽ ነበረው። ለተራ አንባቢ ይህ ተራ የውል ቋንቋ ነው። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ግን በጂፒኤል ላይ የተጨመረ ገደብ ነው አለ። በዚህም ፓይተንን ከጂፒኤል ኮድ ጋር አዋሕዶ ማሰራጨት አጠያያቂ ሆነ። ነገሩ የተፈታው ፈቃዱ ተስተካክሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ፓይተን 2.0.1 እና 2.1.1 ሲወጡ ነው። ዳግላስ ክሮክፎርድ ለጄሰን ኮዱ የጻፈው ፈቃድም ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፋት እንዳይውል ያዛል። ማን ይቃወመዋል? ነገር ግን ክፉና ደግ የሚለካበት መለኪያ በፈቃዱ ውስጥ የለም፤ ክፍት ምንጭ ደግሞ የአጠቃቀም ዘርፍን አይገድብም። የአፓቺ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ፈቃድ የተለቀቀ ኮድ ወደ ፕሮጀክቶቹ እንዳይገባ ወሰነ።

ስምምነቱ አቅጣጫ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። የኤምአይቲ ኮድ ጂፒኤል ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፤ የጂፒኤል ኮድ ግን በኤምአይቲ ስም ተሸፍኖ አይወጣም። የማይምማጂክ ስህተት ይኸው ነበር። አፓቺ 2.0 ከጂፒኤል ሥሪት 3 ጋር ይሄዳል፤ በፓተንት አንቀጹ ምክንያት ግን ከሥሪት 2 ጋር አይሄድም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጂፒኤል ከራሱ ጋር መጋጨቱ ነው። «ሥሪት 2 ብቻ» ተብሎ የተለቀቀ ኮድ «ሥሪት 3» ከተባለው ጋር አይዋሐድም። የአውቶካድን ፋይሎች የሚያነበው ሊብሬዲደብልዩጂ በሥሪት 3 በመለቀቁ፣ በሥሪት 2 ላይ የቆመው ሊብሬካድ የተባለው የነፃ ስዕል ፕሮግራም ሊጠቀምበት አልቻለም። ሁለቱም የነፃ ሶፍትዌር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እጅግ ይፈልገው ነበር። የሥሪት ቁጥር ለያያቸው።

ኮምፓይለሩ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚተወው አሻራ

ብዙ ሰው የቋንቋው ፈቃድ የሚመለከተው ቋንቋውን የሠሩትን ብቻ ይመስለዋል። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ በጂፒኤል ኮምፓይለር የተጠናቀረ ፕሮግራም ስለተጠናቀረ ብቻ ጂፒኤል አይሆንም። ይሁን እንጂ ኮምፓይለር ከራሱ ኮድ ቁራጭ እየቆረሰ በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ያስገባል። የማስጀመሪያ ኮድ፣ የሒሳብ አጋዥ፣ የስህተት መቆጣጠሪያ የመሳሰሉት ሁሉ ፕሮግራመሩ ሳያያቸው ይገባሉ። እነዚህ ቁራጮች በጂፒኤል ሥር ከሆኑ በዚያ ቋንቋ የሚጻፈው ሁሉ ጂፒኤል ሊሆን ነው።

የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያ የሆነው ባይሰን ለዚህ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች አንዱ ነው። ባይሰን የቋንቋ ሰዋሰው ተቀብሎ ያንን ሰዋሰው የሚያነብ የሲ ኮድ ያወጣል፤ በሚያወጣው ኮድ ውስጥ ግን የራሱ ትልቅ ቁራጭ አለ። ስለዚህ በድሮዎቹ ሥሪቶች በባይሰን የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ በጂፒኤል ለመሰራጨት ይገደድ ነበር። ከሥሪት 1.24 ጀምሮ ግን የተለየ ፈቃድ ተጽፎ ገደቡ ተነሳ።

የጂሲሲ ኮምፓይለር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። አጋዥ ላይብረሪዎቹ በጂፒኤል ሥር ናቸው፤ ከጎናቸው ግን «የራንታይም ላይብረሪ ልዩ ፈቃድ» የሚባል ጽሑፍ አለ። አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ነው። ፕሮግራሙ በተለመደው መንገድ እስከተጠናቀረ ድረስ ባለቤቱ በፈለገው ፈቃድ ያሰራጨዋል ይላል። «በተለመደው መንገድ» የሚለው ሁኔታ የገባው በከንቱ አይደለም። ጂሲሲ በዚያን ጊዜ ተሰኪዎችን ለመቀበል እየተሰናዳ ነበር፤ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የፈራው አንድ ኩባንያ የኮምፓይለሩን ውስጣዊ ውጤት ወስዶ በዝግ ተሰኪ እንዳያሻሽለው ነው። ስለዚህ ነፃነቱን ሰጠ፣ ነፃነቱን ግን ከዝግ ተሰኪ መራቅ ጋር አሰረው። ልዩ ፈቃድ ለስላሳ እጅ ብቻ ሳይሆን የመደራደሪያ መሣሪያም እንደሚሆን የሚያሳይ ብልህ አሠራር ነው።

የአዳ ቋንቋ ፕሮግራመሮች ነገሩን በግልጽ ያውቁታል። አዳኮር የተባለው ኩባንያ ጂናት የተሰኘውን ኮምፓይለር ለዓመታት በተለያየ መልክ ሲያቀርብ ቆይቷል። ለሚከፍሉ ደንበኞች የሚሰጠው ጂናት ፕሮ የራንታይም ልዩ ፈቃዱን ይዟል፤ ከጂሲሲ ጋር የሚሰራጨውም እንዲሁ። በነፃ ይወርድ የነበረው ጂናት ጂፒኤል ግን ይህ ልዩ ፈቃድ አልነበረውም። አንድ ሰው ያንኑ ኮድ፣ በዚያው ቋንቋ፣ አንዲት ፊደል ሳይቀይር በአንዱ ቢያጠናቅረው ዝግ አድርጎ መሸጥ ይችላል፤ በሌላው ቢያጠናቅረው ሲያሰራጭ የጂፒኤል ግዴታ ይከተለዋል። ልዩነቱ በኮዱ ላይ አይታይም፤ ኮምፓይለሩ ከየት እንደወረደ ያልመዘገበ ቡድን ከየትኛው ወገን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ጃቫን በጂፒኤል ሥሪት 2 እንደሚከፍት ሲያስታውቅ «የክላስፓዝ ልዩ ፈቃድ» የሚባለውን ከግኑ ክላስፓዝ ፕሮጀክት ወስዶ አብሮ አስቀመጠ። ያ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ በጃቫ መሠረታዊ ላይብረሪ ላይ የተጻፈ የባንክ ወይም የቴሌኮም ሶፍትዌር ሁሉ የጂፒኤል ጥያቄ ይነሳበት ነበር፤ ኩባንያዎችም አይነኩትም ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ከነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጋር በቀጥታ የተነጋገሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሊስፕ የተባለው የሊስፕ ቋንቋ ትግበራ ደራሲ ብሩኖ ሃይብል ሥራውን ጂፒኤል ባልሆነ ፈቃድ ሲያሰራጭ ሪድላይን የተባለውን የጂፒኤል ላይብረሪ ይጠቀም ነበር። የፋውንዴሽኑ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ሁለቱ ሲያያዙ አንድ ሥራ ይሆናሉ ብሎ ተከራከረ። ከደብዳቤ ልውውጥ በኋላ ሃይብል ሲሊስፕን በጂፒኤል ለቀቀው፤ በሲሊስፕ ላይ የሚጻፉ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ግን በዚህ እንዳይያዙ የሚያብራራ ማስታወሻ አከለበት። አንዲት የመስመር ማረሚያ ላይብረሪ የአንድን ሙሉ የቋንቋ ትግበራ ፈቃድ ቀየረች ማለት ነው።

አያያዙም ይቆጠራል

ኤልጂፒኤል የተጻፈው የሲ ቋንቋን አሠራር በማሰብ ነው። በዚያ ዓለም ላይብረሪ ለብቻው ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠራዋል፤ ተጠቃሚውም አሮጌውን ፋይል አንስቶ አዲሱን ይተካል። ግዴታው በዚህ መንገድ ያለ ችግር ይፈጸማል።

ጎ እና ረስት ግን ሁሉንም ነገር ወደ አንድ ማስኬጃ ፋይል ማቅለጥ ልማዳቸው ነው። እዚያ ውስጥ ላይብረሪውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። በእነዚህ ቋንቋዎች የኤልጂፒኤል ላይብረሪ የተጠቀመ ሰው ዝግ ምርት ማሰራጨት ከፈለገ ተጠቃሚው እንደገና ማያያዝ የሚችልበትን የተጠናቀረ ቁራጭ ኮድ አብሮ መስጠት አለበት፤ ይህን ደግሞ ብዙዎች አያደርጉትም። የኦካምል ሠሪዎች ይህን ቀድመው አይተው ለኤልጂፒኤላቸው የማያያዝ ልዩ ፈቃድ ጻፉለት። የሃስኬል ቋንቋ ዋና ኮምፓይለር ጂኤችሲ በበኩሉ ትልልቅ ቁጥሮችን ለማስላት ጂኤምፒ የተባለውን የኤልጂፒኤል ላይብረሪ በያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ያስገባ ነበር። ከትልልቅ ቁጥር ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ኩባንያዎች ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት ሥጋት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂኤችሲ 9.0 ያንን ክፍል እንደገና አደራጅቶ ጂኤምፒን በሌላ መተካትን አቀለለ።

የማሰራጫው መንገድም እንዲሁ። ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 ከአፕል መደብር ወጣ፤ የመደብሩ ውል በተጠቃሚው ላይ የሚጥለው ገደብ ከጂፒኤል ጋር ስለማይሄድ ነው። ሠሪዎቹ አበርካቾቻቸውን እያነጋገሩ ሞተሩን ወደ ኤልጂፒኤል አዛወሩ፤ ፕሮግራሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

በሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም በአንፃሩ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ያመልጣል። የጂፒኤል ግዴታ የሚነሳው ኮዱ ለሌላ ሲተላለፍ በመሆኑ በራስ ሰርቨር ላይ ማሠራት ማሰራጨት አይደለም። ይህን ክፍተት ለመድፈን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 የወጣው ኤጂፒኤል ሥሪት 3፣ የተሻሻለውን ፕሮግራም በኔትወርክ ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር ምንጭ ኮዱ እንዲቀርብ ያዛል።

ስህተትን ማረም ለምን ዓመታት ይፈጃል?

ፈቃዱ ካላመቸ ለምን አይቀየርም? በክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ውስጥ መብቱን አሳልፎ የሰጠ ካልሆነ በቀር እያንዳንዱ አበርካች የጻፈው ኮድ ባለመብት ሆኖ ይቆያል። ለመቀየር ሁሉንም ማግኘትና ማስፈቀድ፣ ያልተገኘውን ወይም እምቢ ያለውን ሰው ኮድ ደግሞ አውጥቶ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

የኢንተርኔት ምስጠራ ምሰሶ የሆነው ኦፕንኤስኤስኤል ለዓመታት ከጂፒኤል ጋር በሚጋጭ ፈቃድ ኖሯል። በዚህም ምክንያት ደብልዩጌትን የመሰሉ የጂፒኤል ፕሮግራሞች ልዩ አንቀጽ ለመጨመር ተገደው ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በመቶዎች የሚቆጠሩ አበርካቾችን ማፈላለግ ጀመረ፤ በአፓቺ 2.0 የተለቀቀው ሥሪት 3.0 የወጣው በሴፕቴምበር 2021 ነው። ያም ሆኖ ከጂፒኤል ሥሪት 2 ብቻ ጋር ያለው ጠብ አልበረደም።

ኤልኤልቪኤም፣ ማለትም ረስት እና ስዊፍት የቆሙበት የኮምፓይለር መሠረት፣ ተመሳሳይ ጉዞ ጀምሮ ይበልጥ የተሟላ መልስ ይዞ መጣ። አፓቺ 2.0ን ወስዶ ሁለት ልዩ ፈቃዶች ጨመረበት፤ አንደኛው ኮምፓይለሩ በፕሮግራሞች ውስጥ የሚተወውን ቁራጭ ከማስታወቂያ ግዴታ ነፃ ያወጣል፣ ሁለተኛው ከጂፒኤል ሥሪት 2 ጋር የሚጋጨው አንቀጽ እንዲታለፍ ይፈቅዳል። የረስት ማኅበረሰብ መፍትሔ ደግሞ ከዚህም ቀለል ይላል፤ ኮዱን «በኤምአይቲ ወይም በአፓቺ 2.0፣ እንደ ተቀባዩ ምርጫ» ይለቃል። ፓተንት የሚያሳስበው አፓቺን ይመርጣል፣ ጂፒኤል ሥሪት 2 ውስጥ የሚያስገባው ኤምአይቲን። ሩቢም እ.ኤ.አ. በ2011 በሥሪት 1.9.3 የጂፒኤል አማራጩን በቢኤስዲ ተክቶታል።

የገበያ ጉልበት ያለበት ጊዜ ግን ለውጡ በቀናት ሊያልቅ ይችላል። የፌስቡክ ሪአክት ፓተንትን የሚመለከት ተጨማሪ ጽሑፍ ነበረው። አፓቺ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ኮዱ ወደ ፕሮጀክቶቹ እንዳይገባ ከለከለ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ወርድፕረስ ሪአክትን እንደሚተው አሳወቀ። ከሳምንት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ፌስቡክ ሪአክትን ወደ ኤምአይቲ አዛወረ። ባለመብቱ አንድ ኩባንያ ስለነበር ማስፈቀድ ያለበት ሰው አልነበረም። ያው ሥልጣን ወደ ሌላም አቅጣጫ ይሠራል፤ ሞንጎዲቢ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሃሺኮርፕ በ2023 ፈቃዳቸውን ያጠበቁት መብቱን በእጃቸው ስለሰበሰቡ ነው።

ፍርድ ቤት ሲደርስ

«በነፃ የተሰጠ ነገር፣ ማን ይከሳል?» የሚለው ግምት ጊዜው አልፎበታል። የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ጄኮብሰን እና ካትዘር በተከራከሩበት መዝገብ ላይ ወሳኝ ብይን ሰጥቷል። ጉዳዩ የአሻንጉሊት ባቡር መቆጣጠሪያ የጃቫ ኮድ ነበር፤ ፍርዱ ግን ከአሻንጉሊት በላይ ነው። የክፍት ምንጭ ፈቃድ ሁኔታዎችን የጣሰ ሰው የቅጂ መብት ጥሰት እንደፈጸመ ሊቆጠር እንደሚችል አረጋግጧል። የፓሪስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የፈረንሳይ ቴሌኮም ኩባንያ ኦሬንጅ፣ አንትሩቨር የተባለ ትንሽ ድርጅት በጂፒኤል የለቀቀውን ላሶ የተባለ ላይብረሪ ከፈቃዱ ውጭ በመጠቀሙ ከ500,000 ዩሮ በላይ እንዲከፍል ወስኗል። ክሱ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለትንሽ ኩባንያ ከገንዘቡ የሚከብደው ይህ ርዝመት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የት ይገኛል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል። ስለዚህ ፈቃድ እዚህም ሕጋዊ ክብደት አለው።

የአገሪቱ ትልልቅ ሥርዓቶች በክፍት ምንጭ ላይ ቆመዋል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው በሞሲፕ ላይ ሲሆን ሞሲፕ በኤምፒኤል 2.0 የተለቀቀ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ ሥርዓት የተመሠረተበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በቢኤስዲ። ሁለቱም በአገር ውስጥ ባለሙያ የሚጨመረውን ክፍል ዝግ አድርጎ ማቆየትን ይፈቅዳሉ፤ በሞሲፕ ራሱ ፋይል ላይ የተደረገ ለውጥ ግን ለሌላ ሲተላለፍ ክፍት ሆኖ መሄድ አለበት።

ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው በአዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች ሥራ ነው። ኢአርፒኔክስትን፣ ማለትም የጂፒኤል ሥሪት 3 ፕሮግራምን፣ ለደንበኛ አስተካክሎ በደንበኛው ቢሮ ሰርቨር ላይ መጫን ማሰራጨት ነው። ደንበኛው ምንጭ ኮዱን የመጠየቅ፣ የማሻሻልና ለሌላ የመስጠት መብት ያገኛል፤ ይህን የሚከለክል የሽያጭ ውል ከፈቃዱ ጋር ይጋጫል። ያው ድርጅት ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ ይዞ በወርሃዊ ክፍያ ቢያከራይ ግን ይህ ግዴታ አይነሳበትም። ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ልዩነት ያላወቀ ድርጅት የማይችለውን ቃል ይገባል። በጨረታ ሰነድ ላይ «የምንጭ ኮዱ ሙሉ ባለቤትነት ለገዢው ይተላለፋል» የሚል አንቀጽ ሲገኝም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ የራሱ ያልሆነውን የላይብረሪ ባለቤትነት ማስተላለፍ አይችልም።

የግዕዝ ፎንቶችም መዘንጋት የለባቸውም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተለቀቁት በክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። በማንኛውም መተግበሪያ ውስጥ፣ በሚሸጥም ጭምር፣ ይገባሉ፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን አይቻልም፣ የፈቃዱ ጽሑፍም አብሮ መሄድ አለበት። ከኢንተርኔት ምንጩ ሳይታወቅ የወረደ የአማርኛ ፎንት በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ከማይምማጂክ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው።

ከዚህ በኋላ

ሦስት አቅጣጫዎች ይታያሉ። አዳዲስ ቋንቋዎችና ላይብረሪዎቻቸው ወደ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ መሰባሰባቸው የሚቀጥል ይመስላል፤ ቋንቋ ተቀባይነት የሚያገኘው ኩባንያዎች ሳይፈሩ ሲጠቀሙበት በመሆኑ ሠሪዎቹ ጥብቅ ፈቃድ የሚመርጡበት ምክንያት ትንሽ ነው። ይህ ግጭትን ይቀንሳል። ዋጋውም አለው፤ አፕል ከጂሲሲ 4.2 በኋላ ያሉትን የሥሪት 3 ኮዶች ትቶ ኤልኤልቪኤምን እንዳሳደገ ሁሉ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ያሻሻሉትን ለሁሉ እንዲመልሱ የሚያስገድድ መሣሪያ ከቋንቋዎች ዓለም እየጠፋ ነው።

ሁለተኛው የመረጃ ቋትና የደመና መሣሪያ ኩባንያዎች ፈቃድ መለዋወጥ ነው። ዛሬ ክፍት የሆነው የነገው ሥሪት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የላይብረሪው ስም ብቻ ሳይሆን ሥሪቱም መመዝገብ አለበት። ሦስተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፍ ኮድ ሲሆን፣ ከማን ኮድ እንደተማረና በምን ፈቃድ ሥር እንደሚውል እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በጊትሃብ ኮፓይለት ላይ በአሜሪካ ክስ ቀርቦበታል። ከሦስቱ ይህኛው ከሁሉ ያነሰ እርግጠኝነት ያለው ነው፤ ጠንቃቃ ቡድን በዚህ መንገድ የመጣን ረጅም የኮድ ቁራጭ ምንጩ እንዳልታወቀ ኮድ ቢቆጥረው ይሻላል።

የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። አዲስ ላይብረሪ በሚጨመርበት ዕለት ፈቃዱንና የሚጠራቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ፈቃድ ማየት፣ ምርቱ እንዴት እንደሚሰራጭ ቀድሞ መወሰን፣ ዝርዝሩን መያዝ ይበቃል። ኤስፒዲኤክስ የተባለው የፈቃድ መለያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል፤ አብዛኞቹ የፓኬጅ መሣሪያዎች ያነቡታል። ቡድኖች ይህን በመጀመሪያው ቀን እንዲጀምሩት ይመከራል፤ በተለይ ወደ አውሮፓ ሊሸጡ የሚያስቡ። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ በገበያው የሚቀርብ ሶፍትዌር ሠሪ በምርቱ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዲይዝ ያስገድዳል።